ታሪካችንን በእኩል እንረስ

ወሎ በዓለም ፊት አብዝታ የታየችው በሁለት ፊልሞች ነው። የመጀመሪያው እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ የወሎን ረሀብ ቀርፆ በጥቅምት 1966 ዓ.ም. በአገሩ ቴሌቪዥን ያሳየው ነው። ዓመት ሳይሞላው፣ መስከረም 1 ቀን 1967 ምሽት፣ ደርግ ያንኑ ፊልም ከቤተ መንግሥት ድግስ ምስሎች ጋር ቀላቅሎ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን አቀረበው፤ በማግሥቱ ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋናቸው ወረዱ። ሁለተኛው በጥቅምት 1977 ማይክል ቡርክና ኬንያዊው የካሜራ ባለሙያ መሐመድ አሚን፣ ያን ጊዜ በወሎ ክፍለ ሀገር ሥር ከነበረችው ከኮረም ለቢቢሲ ያቀረቡት ዘገባ ነው።

ሁለቱም ብዙ ሕይወት አትርፈዋል። እናቴ የእርዳታ እህል ከበሉት አንዷ ናትና ውለታውን አልክድም። ሆኖም በሁለቱም ጊዜ የተቀረፀው ፊት የእኛ ሲሆን ካሜራው፣ የቅንብር ክፍሉ፣ ምስሉ የተቀመጠበት መዝገብ ቤትና የመሸጥ መብቱ የሌላ ነው። ዛሬ አንድ የሀብሩ ወረዳ ወጣት ስለ አያቱ ዘመን ፊልም ልሥራ ቢል የአያቱን መንደር ምስል ከውጭ ድርጅት ፈቃድ ጠይቆ፣ በደቂቃ ሒሳብ ከፍሎ ነው የሚያገኘው። ይህ ለእኔ የገንዘብ ጉዳይ ብቻ አይደለም። ግማሽ ምዕተ ዓመት ሙሉ ዓለም ስለ ወሎ ያወቀው በረሀባችን ቀን የታየውን ብቻ ነው። በዓሉን፣ መንዙማውን፣ ሙስሊምና ክርስቲያን ከአንድ ማድ የሚቀርቡበትን ቤት፣ የነሐሴን ሶለል፣ በሀብሩ የግራናን ማሳ አላየም።

በሀብሩ ወረዳ የመርሳ ከተማ ልጅ ነኝ። እንጀራዬ ወልድያ ውስጥ ከከፈትኩት የቪዲዮ ቤት ነው፤ ሠርግ፣ ምርቃት፣ የሐጅ ሽኝት፣ ጥምቀት እቀርፃለሁ። የውጭ የፊልም ቡድን ሲመጣ ደግሞ ፊክሰር እሆናለሁ። ፊክሰር ማለት መኪና የሚያገኝ፣ የቀበሌ ደብዳቤ የሚያስጽፍ፣ ሽማግሌ ለምኖ ደጅ የሚያስከፍት፣ ሲመሽ ደግሞ የቀኑን ቃለ ምልልስ ቁጭ ብሎ የሚተረጉም ሰው ነው። ታሪኩን የሚያገኘው እሱ ነው። ከሰሜን ወሎዎቹ የሀብሩ፣ የጉባላፍቶና የራያ ቆቦ ወረዳዎች በአፋር አቋርጠው፣ ከጅቡቲ በጀልባ ወደ የመን ተሻግረው፣ ሳዑዲ ለመግባት ከሚሞክሩት ልጆች መካከል የትኛው መንገድ ላይ እንደቀረ፣ የትኛው አባት ለደላላ ብሎ በሬውን እንደሸጠ የሚያውቀው እሱ ነው። ፊልሙ ሲያልቅ ስሙ ቢገኝ በምስጋናው ዝርዝር መጨረሻ ላይ ነው። አበሉን ተቀብሏልና ፊልሙ ቢሸጥ፣ ቢሸለም፣ ለዐሥር ዓመት በየአገሩ ቴሌቪዥን ቢዞር አያገባውም። የፈረመው ወረቀት እንደዚያ ይላል።

አንድ ጊዜ ግራና ውስጥ ልጃቸው በባሕር የቀረባቸው እናት ቃለ ምልልሱን ጨርሰው፣ እኛም ዕቃ ስንሰበስብ፣ «ልጄ፣ ይህን የወሰዳችሁትን እኔስ የት ሄጄ ነው የማየው?» አሉኝ። የጠየቁት ፈረንጆቹን አይደለም፣ እኔን ነው። ፊልሙ ታየ ሲባል ሰማሁ፤ እሳቸውም እኔም እስከ ዛሬ አላየነውም።

በሀብሩ የእኩል እርሻን የማያውቅ የለም። መሬት ያለው በሬ ሲያጣ፣ በሬ ያለው መሬት ሲያንሰው፣ ሽማግሌ ባለበት ተነጋግረው በእኩል ያርሳሉ። ዘሩ ከማን እንደሚወጣ፣ ገለባው ለማን እንደሚሆን ሳይቀር ሞፈርና ቀንበር ሳይነሣ ይወሰናል። ምርቱ ለሁለት ይከፈላል፤ መሬቱ የባለመሬቱ እንደሆነ ይኖራል። በፊልሙ ዓለም ኮ-ፕሮዳክሽን የሚሉት ይህንኑ ነው። በሁለት ወይም በሦስት አገር ያሉ ፕሮዲዩሰሮች ገንዘብ፣ ባለሙያና ታሪክ አዋጥተው አንድ ፊልም ይሠራሉ፤ ገቢውንም ባለቤትነቱንም እንደ ድርሻቸው በውል ይካፈላሉ። ፊክሰርነት ግን የቀን ሥራ ነው። የምጠይቀው የወሎ ፊልም ሠሪ ከቀን ሠራተኛነት ወጥቶ በገዛ ታሪኩ ላይ ባለድርሻ እንዲሆን ነው። ለዚህ የሚያስፈልገው ድጋፍ መድረስ ያለበት ለፕሮዲዩሰሩ ነው፤ መድረስ ያለበትም ካሜራው ከመነሣቱ በፊት ነው።

ፕሮዲዩሰር ስል ብዙ ሰው ገንዘብ ያለውን ሰው ያስባል። በእኛ አገር ልማድ ቤት ሸጦ ፊልም የሚያሠራ ነጋዴ ፕሮዲዩሰር ይባላል፤ ፊልሙ በአዲስ አበባ ሲኒማ ቤቶች ከሳምንታት በላይ ካልቆየ ቤቱም ፊልሙም ይቀራሉ። ዓለም አቀፉ አሠራር ሌላ ነው። ፕሮዲዩሰሩ በብዛት ገንዘቡን ከኪሱ አያወጣም፤ ታሪኩን ይዞ፣ ውሎቹን አሟልቶ፣ በጀቱን ሠርቶ፣ ከየአገሩ ገንዘቡን የሚሰበስብ ባለሙያ ነው።

በኢትዮጵያ ይህ መንገድ መኖሩን በዓይናችን አይተናል። የያሬድ ዘለቀ «ላምብ» በግንቦት 2007 ዓ.ም. በካን ፌስቲቫል «አን ሰርተን ሪጋር» በተባለው ክፍል ቀረበ፤ ለካን ይፋዊ ምርጫ የበቃ የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ፊልም ነው። ቋንቋው አማርኛ ነው፤ የተቀረፀው በሰሜኑ ተራሮች፣ ታሪኩም ድርቅ እናቱን የነጠቀው ልጅና የበጉ ነገር ነው። ገንዘቡ ደግሞ ከፈረንሳይ፣ ከጀርመን፣ ከኖርዌይና ከኳታር ጭምር የተዋጣ ነው። ስለ ዳይሬክተሩ በጋዜጦቻችን ብዙ ተጽፏል፤ ተገቢም ነው። የፕሮዲዩሰሯን የአማ አምፓዱን ስም ግን ስንቶቻችን ሰምተናል? እነዚያን ሁሉ አገሮች በአንድ በጀት ላይ ማገናኘት የፕሮዲዩሰር ሥራ ነው፤ ያለሱ የያሬድ ስክሪፕት መሳቢያ ውስጥ ይቀር ነበር።

ከእሱ በፊት የጎንደሩ ልጅ ኃይሌ ገሪማ አለ። «ጤዛ» የተባለ ፊልሙን ለመጨረስ 14 ዓመት ፈጀበት። ታሪኩ ኢትዮጵያን ከጀርመን የሚያገናኝ ስለሆነ የጀርመን አጋር ነበረው፤ በ2000 ዓ.ም. ማብቂያ በቬኒስ ፌስቲቫል የዳኞች ልዩ ሽልማትና የስክሪፕት ሽልማት፣ በ2001 ደግሞ በዋጋዱጉ በፌስፓኮ የፊልም ፌስቲቫል ታላቁን የየኔንጋ ሽልማት አገኘ። 14 ዓመት የቆየው ሌሎች እንደፈለጉት አልሠራም በማለቱም ጭምር ነው ብዬ አምናለሁ። ቀደም ሲል «ሳንኮፋ» የተባለ ፊልሙን የአሜሪካ አከፋፋዮች ሳይቀበሉት ሲቀሩ ሲኒማ ቤት ተከራይቶ በራሱ አሳየ፤ በዋሽንግተን ከሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ፊት ለፊትም በፊልሙ ስም የመጻሕፍትና የቪዲዮ ቤት ከፈተ። የፊልሙ መብት በእጁ ስለነበረ ነው ይህን ማድረግ የቻለው። መብቱን ቀድሞ ሸጦት ቢሆን ሲኒማ ቤት የመከራየት ፈቃድ እንኳ አይኖረውም ነበር።

የዘረሰናይ ብርሃነ መሐሪ «ድፍረት» ሌላ ትምህርት ይሰጠናል። በጥር 2006 በአሜሪካው የሰንዳንስ ፌስቲቫል የተመልካቾችን ሽልማት አገኘ፤ አንጀሊና ጆሊ በኤግዚኪዩቲቭ ፕሮዲዩሰርነት ስሟን ሰጠችው። በዚያው ዓመት ማብቂያ አዲስ አበባ ላይ ሊመረቅ አዳራሹ ሞልቶ ሳለ በፍርድ ቤት ትእዛዝ ታገደ። ክርክሩ ፊልሙ በተመሠረተበት እውነተኛ ታሪክ ላይ ማን መብት አለው የሚል ነበር። እገዳው በኋላ ተነሥቶ ፊልሙ ታይቷል። ማን ጥፋተኛ ነበር ለማለት አይደለም የማነሣው። ያን ያህል ዝናና አቅም ያለው ፊልም በዚህ በኩል ከተደናቀፈ፣ መርሳ ላይ ተነሥተን የሰው ሕይወት የምንቀርፅ እኛ የባለታሪኩን ፈቃድ በጽሑፍ፣ በሚገባው ቋንቋ፣ ድርሻውንም ጠቅሰን መያዝ እንዳለብን አያጠራጥርም። የግራናዋ እናትም የፈረሙት ነገር ምን እንደሚል ማወቅ ነበረባቸው። ያን ቀን ወረቀቱ በእንግሊዝኛ ነበር።

በካናዳ፣ በአርክቲክ አካባቢ፣ ኢግሉሊክ የምትባል የኢኑይት መንደር አለች። በሕዝብ ብዛት ከመርሳ በብዙ ታንሳለች። በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ቴሌቪዥን ሊገባላቸው ሲባል ነዋሪዎቹ ድምፅ ሰጥተው አንቀበልም አሉ፤ በቋንቋቸው የሚቀርብ ነገር ስላልነበረ። ከዚያች መንደር ዛካሪያስ ኩኑክና ጓደኞቹ ኢሱማ የተባለ ኩባንያ መሠረቱ፤ ባለቤትነቱ በብዛት በኢኑይቶቹ እጅ ነበር። «አታናርጁአት» የተባለው ፊልማቸው ከጫፍ እስከ ጫፍ በኢኑክቲቱት ቋንቋ የተሠራ ሲሆን እ.ኤ.አ. በ2001 በካን ለመጀመሪያ ፊልም የሚሰጠውን «ካሜራ ዶር» ወሰደ። የካናዳ ብሔራዊ የፊልም ቦርድ አጋር ፕሮዲዩሰር ነበር። ልብ አድርጉ፤ ቦርዱ ታሪኩን ወስዶ ለብቻው አልሠራውም፣ ባለታሪኮቹ ካቋቋሙት ኩባንያ ጋር ተዋዋለ። በሰሜን አውሮፓ ደግሞ ዲዝኒ «ፍሮዝን» ለተባለው ካርቱን ሁለተኛ ክፍል የአካባቢውን ነባር ሕዝብ የሳሚዎችን ባህል ሲጠቀም፣ የሳሚ ፓርላማዎችና ምክር ቤታቸው እ.ኤ.አ. በ2019 ውል አስፈረሙት፤ ፊልሙም በሳሚ ቋንቋ ተሰማ። ሳሚዎች ጥቂት ሕዝብ ናቸው። ግን የሚዋዋል ተቋም ነበራቸው። እኛስ አንድ ትልቅ ኩባንያ ነገ ወልድያ ቢመጣ በባለታሪኮቹ ስም ወንበር ስቦ የሚቀመጠው ማነው?

አሁን ወደ ወልድያ ልመለስ፤ ከዚህ ተነሥተን የምናንኳኳቸው ደጆች የትኞቹ ናቸው? የሆላንዱ ሁበርት ባልስ ፈንድ ፊልም ገና ስክሪፕት ላይ ሳለ ለማጎልበት ይረዳል። የበርሊን ፌስቲቫል የዓለም ሲኒማ ፈንድ፣ የፈረንሳዩ የዓለም ሲኒማ ድጋፍ፣ የኖርዌዩ ሶርፎንድ አሉ። የደርባን የፊልም ገበያ ከ2010 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በየዓመቱ የአፍሪካን ፕሮጀክቶች ከውጭ አጋሮች ያገናኛል። ደጆቹ አሉ። ግን የጀርመኑም የፈረንሳዩም የኖርዌዩም ገንዘብ የሚወጣው ከየአገሩ ፕሮዲዩሰር ጋር ሲቀርቡ ነው፤ ያ ፕሮዲዩሰር ደግሞ ከአንድ የወሎ ወጣት ጋር ከመፈረሙ በፊት ስክሪፕቱን በእንግሊዝኛ ወይም በፈረንሳይኛ፣ በጀቱን በዩሮ፣ የኩባንያውን ንግድ ፈቃድ፣ ከደራሲውና ከባለታሪኩ ጋር የተደረጉ ውሎችን ማየት ይፈልጋል። ይህ ሁሉ ወጪ የሚጠይቀው አንድም ሳንቲም ከመምጣቱ በፊት ነው። ሠርግ እየቀረፀ ቤተሰብ የሚያስተዳድር ሰው ስድስት ወር ስክሪፕት ላይ ቢቀመጥ ልጆቹ ምን ይበላሉ? ጠበቃ በምን ይከፍላል? ችሎታው ሳይጎድል ፕሮጀክቱ እዚህ ላይ ይሞታል።

በዚያ ላይ ያሳለፍነው አለ። ከነሐሴ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 ወልድያም መርሳም በሰሜኑ ጦርነት ውስጥ ነበሩ፤ ወልድያ ዩኒቨርሲቲ ሳይቀር ተዘረፈ። የእኔም ካሜራዎችና ሀርድ ዲስኮች ሄዱ። የካሜራው ሐዘን ቶሎ ወጣልኝ፤ የሀርድ ዲስኮቹ አልወጣልኝም፤ ዛሬ በሕይወት የሌሉ ሰዎች የጨፈሩበት የሠርግ ምስል በውስጣቸው ነበር። የአማራ ክልል በ2015 ማብቂያ እንደገና ግጭት ውስጥ ሲገባ የሞባይል ኢንተርኔት ለረዥም ወራት ተቋረጠ። የውድድር ማመልከቻ ለመላክ ሰው ደሴ ወይም አዲስ አበባ ድረስ ፍላሽ ይዞ የሚሄድበት ጊዜ ነበር፤ መንገዱ ሲዘጋም ማመልከቻው ቀረ።

ስለዚህ የምጠይቀው ስቱዲዮ አይደለም፣ ውድ ካሜራም አይደለም። የፊልም ፖሊሲ በ2010 ዓ.ም. በሚኒስትሮች ምክር ቤት ጸድቋል፤ የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996ም አለ። ወረቀቱ ከአዲስ አበባና ከባሕር ዳር ወርዶ ወልድያ ይድረስ ነው የምለው። የክልሉ ባህልና ቱሪዝም ቢሮ በየዓመቱ ለጥቂት ፕሮጀክቶች፣ ሦስትም ቢሆኑ፣ ለማጎልበቻ የሚሆን ገንዘብ ይመድብ፤ ለደራሲው የስድስት ወር መተዳደሪያ፣ የትርጉም፣ የውል ማስረቀቂያና ወደ አንድ የፊልም ገበያ መጓጓዣ። መራጮቹ ከፊልም ሠሪዎች ማኅበራት ይምጡ እንጂ ከካድሬ አይሁኑ፤ ይህን ሳልሸፋፍን ነው የምናገረው፤ ለባለሥልጣን ልጅ የተሰጠ ፈንድ እንዳልተሰጠ ይቆጠራል። ወልድያ ዩኒቨርሲቲ የሕግም የቋንቋም መምህራን አሉት። አንድ የባለታሪክ ፈቃድ፣ አንድ የደራሲ ውልና አንድ የጋራ ሥራ ውል በአማርኛና በእንግሊዝኛ አርቅቀው ለማንኛውም የአካባቢው ፊልም ሠሪ በነፃ ቢሰጡ፣ በገንዘብ ከማይተመን ድጋፍ እቆጥረዋለሁ።

የፌዴራል መንግሥት ድርሻ ከዚህ ከፍ ይላል። ደቡብ አፍሪካ ከ1997 (እ.ኤ.አ.) ከካናዳ ጋር ከፈረመችው ጀምሮ ከብዙ አገሮች ጋር የኮ-ፕሮዳክሽን ስምምነት አላት። በእንዲህ ያለ ስምምነት የተሠራ ፊልም በሁለቱም አገር እንደ አገር ውስጥ ፊልም ይቆጠራልና የሁለቱንም ድጋፍ መጠየቅ ይችላል። ኢትዮጵያም ልጆቿ በብዛት ከሚኖሩባቸው አገሮች ብትጀምር መልካም ነው። ከውጭ አጋር የሚመጣውን ገንዘብ በተመለከተ የውጭ ምንዛሪው ሕግ በሐምሌ 2016 ከተለወጠ ወዲህ ነገሩ ላልቷል፤ የፊልም ሠሪው ሒሳብ ግን እንደ ቡና ላኪው ሒሳብ በግልጽ መመሪያ ይታወቅ። ወደ አገራችን ለቀረፃ የሚገባ የውጭ ቡድንም ፈቃድ ሲወስድ አንድ የአካባቢውን ሰው በረዳት ፕሮዲዩሰርነት እንዲይዝ፣ የተጠናቀቀውን ፊልም ቅጂም ለተቀረፀበት ወረዳ እንዲያስረክብ ቢገደድ ማንንም አይጎዳም።

ባለሀብቶቻችንንም አልረሳሁም። በ2009 ዓ.ም. በወልድያ የተመረቀው የሼህ መሐመድ ሁሴን አሊ አልአሙዲ ስታዲየም ለከተማችን ትልቅ ነገር ነው። ለኳስ ያን ያህል የሚያወጣ ወዳጅ ያላት ከተማ፣ የዚያን ወጪ ቅንጣት የምታህል ገንዘብ ለፊልም ማጎልበቻ የሚሰጥ አታጣም። በአሜሪካና በዓረብ አገር ያሉ የወሎ ልጆችም ለሙዚቃ ክሊፕ ስፖንሰር ከመሆን አልፈው በውል የድርሻ ባለቤት ይሁኑ።

«ሰው በሰላም ወጥቶ መግባት ባልቻለበት ጊዜ ስለ ፊልም ታወራለህ?» የሚሉኝ አሉ። የሚሉኝ የቅርብ ሰዎቼ ስለሆኑ ጥያቄያቸውን አከብራለሁ። የኔ መልስ ግን የ1966ቱ ነው። በመከራችን ቀን እኛ ካልቀረፅን ሌላው ይቀርፃል፤ የቀረፀውንም እንደ ደርግ ለራሱ ጉዳይ ቆርጦ የሚቀጥል አይጠፋም። ደግሞም ስክሪፕት ለመጻፍ፣ ውል ለማርቀቅ፣ ሽማግሌ ለማነጋገር የተኩስ ማቆምን መጠበቅ አያስፈልግም።

የበለጠ የሚያሳስበኝ ሌላው ተቃውሞ ነው፤ የፈረንጅ ገንዘብ ታሪካችንን ያጣምመዋል የሚለው። እውነትነት አለው። ፕሮጀክት ይዘው የሄዱ ጓደኞቼ ድህነቱ ይጨመር፣ ሴትዮዋ ታልቅስ የተባሉበት ጊዜ አለ። ግን ይህ የሚሆነው ባዶ እጅ ሲሄዱ ነው። የታሪኩ መብት በእጁ፣ ከክልሉ ወይም ከባለሀብት ያገኘው የመጀመሪያ ገንዘብ በኪሱ ያለ ፕሮዲዩሰር «ይህን ትዕይንት አልለውጥም» ማለት ይችላል፤ የመጨረሻው ቅንብር ውሳኔ የማን እንደሆነም በውሉ አንድ አንቀጽ ይጻፋል። የውጭ ፕሮዲዩሰሮችም ሁሉ አንድ አይደሉም። ታሪኩን አክብረው፣ ዓመታት ታግሠው የሚሠሩ አሉ፤ እነሱን መርጦ ለማግኘት ግን ደርባን ወይም ዋጋዱጉ ድረስ ሄዶ ፊት ለፊት መነጋገር ያስፈልጋል።

ከመርሳ ሁለት ወጣቶች ጋር የያዝነው ታሪክ አለ። የስደት ታሪክ ነው፤ ካሜራው ግን በረሃ አይወርድም። መርሳ ይቀራል፣ ስልክ ከሚጠብቁት እናቶች ጋር፣ ከማንጎው ሥር ቡና ሲፈላ፣ ሙስሊሟ ዱዓ ስታደርግ፣ ክርስቲያኗ ስለት ስትሳል፣ የሁለቱም ልጆች በአንድ ጀልባ ተሳፍረው። ጅቡቲና ሳዑዲ ያለበት ታሪክ ስለሆነ በተፈጥሮው ከአንድ አገር በላይ አጋር ይፈልጋል። ስክሪፕቱ ግማሽ ደርሷል። እናቶቹን ግን ያለ ውል አንቀርፅም ብለን ወስነናል፤ ውሉ በአማርኛ ይሆናል፣ ይነበብላቸዋል፣ ከገቢው ድርሻ ይኖራቸዋል፣ ፊልሙም ከየትኛውም ፌስቲቫል በፊት መርሳ ላይ በሸራ ተወጥሮ ይታያል። ይህን ውል አብሮን የሚያረቅ የሕግ ባለሙያ እየፈለግን ነው። የዞኑ ባህል ጽሕፈት ቤትም ሆነ ዩኒቨርሲቲው በሩን ከከፈተልን ረቂቁን ይዘን በማግሥቱ እንቀርባለን።